በዝናብ ቀን የፈሰሰ ከርከዴ

ከርከዴ ሲፈላ ሽታው አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ ጥርስ ሥር ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ገና ሳይቀመስ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ይመጣል። ዘንድሮ ጾሙ እንደገባ የልጅ ልጄን የቴሬዛን ሽማግሌዎች የተቀበልን ዕለት፣ እሷው ራሷ ቅርንፉድና ዝንጅብል ጨምራ አንድ ትልቅ ድስት ከርከዴ ጣደች። "ለስላሳ ከምንገዛ ይሄ ይሻላል፤ የአሶሳ ሰው ከርከዴ እያለው ምን ቆርጦት ለስላሳ ይገዛል" አለች። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ስለ ልጁ ሲያወሩ እሰማለሁ። መምህር ነው፤ እዚህ ተመድቦ የመጣ የሆሳዕና ልጅ፤ እንደኛው ካቶሊክ። ደስ ብሎኛል። በመካከሉ ሽታው ከጓዳ መጣ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ተነሥቼ ወጣሁና ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ማንጎ ተደገፍኩ። የቴሬዛ እናት፣ ልጄ ማርታ፣ ተከትላኝ ወጣች።

"እማዬ፣ ግፊትሽ ነው? ኪኒኑን ዋጥሽ?"

"ውጫለሁ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ሙቀቱ ነው፤ ግቢ።"

ማርታ ከርከዴ የማልጠጣው ለግፊቴ ፈርቼ ይመስላታል። ሐኪሙ ግን ለግፊት ደግ ነው ብሎኛል። ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ፣ አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም።

በሳምንቱ ሦስታችን፣ ቴሬዛ፣ ማርታና እኔ፣ ለተክሊሉ ልንመዘገብ ወደ ቁምስናው ሄድን። ባጃጅ ይዘን በገበያው በኩል ስናልፍ፣ ድሮ ሳሙና በሩብ ሩብ ቆርጦ ይሸጥበት የነበረ የአንድ አዛውንት ሱቅ የሞባይል ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ተሰቅሎበት አየሁ። አባ ጳውሎስ ወጣት ናቸው፤ ቴሬዛን በጥቂት ዓመት ቢበልጧት ነው። አባ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እማማ ይሉኛል። ወረቀታቸውን አገላብጠው የጥምቀት ምስክር ወረቀት አምጡ አሉን። የለም። ቴሬዛ የተመዘገበችበት መዝገብ ኩርሙክ መንገድ ላይ በነበረችው ጸሎት ቤት ነበር፤ በዚያ አካባቢ ግርግር ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሲበተን ጸሎት ቤቲቱም መዝገቡም አልተረፉም።

"ማን አጠመቃት ታዲያ?" አሉ አባ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ስትወለድ ልትሞት ነበር። ቄስ አልነበረም፤ ክረምት ነበር።"

"ደግ አደረጉ እማማ። ለሞት የቀረበን ሰው ማንም ሊያጠምቅ ይችላል። ብቻ ለመዝገቡ ያህል ቃልዎን እጽፋለሁ። በቦታው የነበረ ሌላ ሰው አለ?"

የለም ልል አፌን ስከፍት ማርታ ቀደመችኝ። "ዘሃራ ነበረች፤ እኔ ራሴን ስቼ ነበር እንጂ እሷ ሁሉንም አይታለች። እስላም ናት አባ፣ ችግር ይኖረዋል?"

"ምን ችግር አለው፣ ያየችውን ትንገረን። የዛሬ ሦስት ሳምንት ረቡዕ ይዛችኋት ኑ።"

ሦስት ሳምንት። እንግዲህ ያን ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት የማውቀው እኔና መቁጠሪያዬ ነን። ያን ቀን በቴሬዛ ራስ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ አልነበረም፤ ከርከዴ ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቴሬዛ መላ ይገኝላት ነበር፤ በሕይወት አለች። ቴሬዛ ግን መንታ ነበረች። እህቷን ሉቺያን ያጠመቅኩት በዚያው ኩባያ ነው፤ ሉቺያ ያኔውኑ ሞታለች። ማርታ ያን ሐዘን የቻለችው "እናቴ አጥምቃታለች፣ ልጄ ሰማይ ናት" እያለች ነው። በየዓመቱ ለሙታን በሚጸለይበት ቀን አንዲት ሻማ ታበራላታለች፤ አታለቅስም። አሁን እኔ ከአባ ፊት ቆሜ ከርከዴ ነበር ካልኩ ያቺን ሻማ እፍ ማለቴ አይደለም?

የማርታ አባት አናጢ ነበር። ነፍሱን ይማር። ከከምባታ ወደዚህ አገር ያመጣን የሱ መጋዝና መዶሻ ነው። ሚሲዮኖቹ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጸሎት ቤት ሊያሠሩ አናጢ ፈለጉ፤ እሱም "ለስድስት ወር ነው" ብሎ ይዞኝ መጣ። ስድስት ወሩ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ግድግዳዋ ቀርከሃ ሆኖ ጭቃ የተመረገ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ። ምስማር ውድ ነበርና የተጣመመውን ሁሉ ድንጋይ ላይ እያቀና ነበር የሚመታው፤ እኔ ማቀናቱን ከሱ ተማርኩ፣ አውራ ጣቴ ዛሬም ጠባሳ አለው። ከዚያ "አግዳሚ ወንበሩን ልጨርስ"፣ ከዚያ "በሩን ልቀይር" እያለ እዚያው መሬት ይዘን ቀረን። ቄሱ በሦስት ወር አንዴ በላንድሮቨር ይመጡ ነበር፤ ክረምት ከሆነ ወንዙ ስለሚሞላ ጨርሶ አይመጡም። እሑድ እሑድ ጸሎቱን የሚመራው ካቴኪስቱ፣ የሃይማኖት አስተማሪያችን ጋሽ ማቴዎስ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በጋሽ ማቴዎስ ማንጎ ሥር፣ የማርታ አባት ባለሰለሰው ሳንቃ ላይ በከሰል እየተጻፈ ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍም እጄ የሳንቃውን ያህል ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቴሬዛ በደብተሬ ላይ ትስቃለች። ጋሽ ማቴዎስ ከፊደሉ ጋር ትምህርተ ክርስቶሱን በጥያቄና መልስ ያስጮኸን ነበር። እኛም ሴቶቹ ልጅ ጡት ላይ አድርገን እንጮሃለን።

"ሰው በምን ይጠመቃል?"

"በውሃ!"

"በወተት?"

"አይሆንም!"

"በጠላ?"

"አይሆንም!"

"በሻይ?"

በሻይ ሲል ሁላችንም እንስቃለን። ሰው በሻይ የሚያጠምቅ ምን ዓይነት ጅል ነው ብለን። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አንዳንዴ ቅዳሴ መካከል ይመጣብኛል።

ከጸሎት ቤቲቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የዘሃራ ሻይ ቤት ነበረች። ዘሃራ በርታ ናት፤ አማርኛዋ ያኔ እንደ ልጅ ነበር፣ ዛሬም ብዙ አልጎረመሰም። ቢጫ ቶቧን ተጠቅልላ፣ የቆዳ ልባስ ያለው ራዲዮኗን ካጠገቧ አስቀምጣ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጣ የዘፈን ድምፅ እስከ መሠዊያችን ድረስ ትልክብን ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ወንጌል ሊያነብ ሲል እጁን በመስኮት አውጥቶ ያወዛውዛል፤ እሷም ትቀንሳለች። ወንጌሉ ሲያልቅ ደግሞ መልሳ ትከፍታለች። አለመግባባት የሚባል አልነበረም። ሳሙና፣ ብስኩትና ሽቶ የጫኑ መኪኖች እሷ ጋ ይቆማሉ። ከርከዴ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ስኳር ካለው በሠላሳ አምስት። እንደ ዘሃራ ግን ስስታም ሴት አላየሁም። አንዴ ያፈላችውን የከርከዴ አበባ አትጥልም፤ ሰሌን ላይ ታሰጣውና በማግስቱ ታፈላዋለች፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሹፌሮቹ አይምሯትም።

"ዘሃራ፣ ይሄ ከርከዴ ነው ወይስ ከርከዴ እግሩን የታጠበበት ውሃ?"

"ቀለም ፈለገ? ገበያ ሂድ፣ የልብስ ማቅለሚያ ግዛ።"

"በስመ አብ፣ ለውሃ ሃያ አምስት ሳንቲም?"

"ውሃ ነው ካልክ ወንዝ አለ፣ እዚያ ጠጣ። በነፃ።"

ደግሞ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲወልድ፣ ሳትጠራ የምትመጣው እሷ ነበረች። ለዚያ ስስት አታውቅም።

ማርታ የመጀመሪያ እርግዝናዋን ይዛ እኔ ጋ ለመውለድ መጣች፣ ወጉ ነውና። ባሏ ሥራ ላይ ባምባሲ ነበር። ገና ሰባት ወሯ ነው ብለን ሳንዘጋጅ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ምጡ ያዛት። የማርታ አባት መኪና ፍለጋ ወጣ፤ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ለማዶ ከሰው ጋር እየተጯጯኸ መቅረቱን የሰማነው ኋላ ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጩኸታችን እንኳ ለእርስ በርሳችን አይሰማም። ቤቱ ጨለመ። ዘሃራ ዝናቡን ተሸፋፍና መጣች፤ በቶቧ ጫፍ የጠቀለለቻቸውን ሁለት ኩባያዎች ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም የሱዳን ብረት ኩባያ፣ ነጭ ሆነው ከንፈራቸው ሰማያዊ። አንዱ እንብርት ለሚታጠብበት የፈላ ውሃ፣ ሌላው ማርታ ስትበረታ የምትጠጣው ከርከዴ። ነግራኛለች፤ በየትኛው በኩል የቱ እንዳለ ነግራኛለች። አልሰማሁም።

ሁለት ሴት ልጆች ተወለዱ። ቁመታቸው ክንድ አይሞላም። አንዷ ትንሽ አለቀሰች፣ አንዷ ጭራሽ አላለቀሰችም። ማርታ ራሷን ሳተች፤ ዘሃራ ሆዷን እያሸች፣ በቋንቋዋ አላህን እየጠራች፣ ከሷ ጋ ትታገላለች። እኔ ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ነጭ ሻሽ አድርጌ ጭኔ ላይ አስተኛሁ። ያላለቀሰችው ከንፈሯ ጠቆረ። ያኔ የጋሽ ማቴዎስ ድምፅ መጣልኝ፤ ሰው ለሞት ሲቀርብ ማንም ይችላል፤ ቶሎ በል፣ ቃሉን በል፣ ውሃውን አፍስስ። እጄን ዘረጋሁ፣ ኩባያ አገኘሁ። "ሉቺያ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።" ሦስቴ ጠብ አደረግሁ። ቀጥዬ "ቴሬዛ" አልኩ፤ እንደዚያው ሦስቴ። ስሞቹን ከየት እንዳመጣኋቸው አላውቅም።

ከዚያ ሻሹን አየሁት። ቀልቷል። ደም መሰለኝ። ጣቴን ነክሬ አፌ ላይ አደረግሁት፤ ስኳር አለው።

በሩ ከተቀመጥኩበት ሦስት እርምጃ አይሞላም። ከቆርቆሮው ጫፍ ውሃ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ጌታ ሆይ፣ ሰማዩ በሙሉ ውሃ ሆኖ እኔ ከርከዴ አነሣሁ። ልጆቹን አስተኝቼ ሮጥኩ፣ በሁለት እጄ የዝናቡን ውሃ ዘገንኩ፣ ተመለስኩ። ሉቺያ አልፋለች። ዓይኔን ከሷ ላይ ያነሣሁት ሁለት ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኔ ነገር። ውሃው እጄ ውስጥ አለ። ቴሬዛ ትተነፍሳለች፤ ትንሽ፣ እንደ ጫጩት። ላፈስባት ስል አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ይህችን በውሃ እንደገና ካጠመቅኩ፣ የዚያችኛዋ አልሆነም ማለቴ ነው። በገዛ እጄ እህቷን ደጅ ማስቀረቴ ነው። እጆቼን ፈታሁ። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም እኩል ይሁኑ አልኩ። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ማርታ ተመለሰች።

ማርታ ስትነቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። "አጠመቅሻቸው?" "ሁለቱንም" አልኳት። ማርታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷ ላይ የወረደውን ሰላም ዛሬም አያለሁ። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ቄሱ መጡ፣ ቴሬዛን ቅባት ቀቡ፣ መዝገቡን ገለጡ። "ውሃ ነው ያፈሰስሽው፣ አይደል?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "አዎ አባ" አልኩ። አዎ ማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ንስሐ ገባሁ መሰላችሁ። ሰው አማሁ እላለሁ፣ ተቆጣሁ እላለሁ፣ ጸሎት አስታጎልኩ እላለሁ፤ ያቺ ግን ምላሴ ሥር ትቀራለች። ቴሬዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆርብ ነጭ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ በመርፌው እየወጋሁ "ሳትጠመቅ ብትሆንስ" እላለሁ። ሜሮን ስትቀበል እንደዚያው። ማስተዋል የጎደለው ቤት ነው የሠራሁት፣ ያለ መሠረት፤ በላዩ ላይ ሌሎች ፎቅ ይጨምሩበታል። በመቁጠሪያዋ ላይ "ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም ሆይ" ማለትን ያስተማርኳት እኔው፤ ጣቷን ይዤ ከአንዱ ፍሬ ወደ አንዱ ሳሻግራት፣ የኔ ጣት ነበር የሚፈራው።

ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ዘሃራን ፈልጌ ሄድኩ። ከግርግሩ በኋላ እሷም አሶሳ ገብታ ከልጇ ጋር ከገበያው በስተጀርባ ትኖራለች፤ በዓልም በዓልም እየተጠያየቅን ነው የኖርነው። ዘንድሮ የሷ ረመዳንና የኛ ዐቢይ ጾም ገጥመዋል። በአጥሩ ጥላ ሰሌን ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት። ቶቧ ዛሬም ቢጫ ነው።

"ኡሙ ማርታ" አለችኝ፤ የማርታ እናት ማለቷ ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። "ና ተቀመጥ። ውሃ ልስጥ ብዬ ጾም ነው ትላለህ፣ እኔም ጾም ነው። ሁለት አሮጊት፣ ሁለት ደረቅ አፍ።"

ጉዳዩን ነገርኳት። ረቡዕ አባ ዘንድ እንደምንሄድ፣ እንደሚጠይቋት።

"ምን ብዬ ልንገር?"

"ያየሽውን" ለማለት ነበር የሄድኩት ብል ውሸቴን ነው። "ውሃ ነበር በያቸው" አልኳት።

"ከርከዴ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ያውቃል? እኔ ሃይማኖታችሁ እንደዚያ ነው ብዬ ነበር። ቁርባን ቀይ ነው አይደል? እሺ፣ ካቶሊክ በቀይ ያደርጋል አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ለሰው እንደዚያ ብዬ ስነግር!"

ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ለሃያ ምናምን ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን፣ የዝናቡን ውሃ መሬት ላይ ማፍሰሴን ሳይቀር ነገርኳት። ዘሃራ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"ስማ ኡሙ ማርታ። ከዒድ በኋላ ቢሆን፣ ወላሂ፣ እዋሽልሽ ነበር። ላንቺ ብዬ። አሁን ረመዳን ነው፤ ብዋሽ ጾሜ ይበላሻል። አንቺም ጾም ነው። ሁለት ሰው ጠዋት እስከ ማታ ተርቦ፣ በአንድ ቃል እናበላሽ?"

መንገዴን ስመለስ ያሳፈረኝ እምቢ ማለቷ አይደለም። ከጾሙ በኋላ ቢሆን ትዋሽልኝ ነበር፤ አውቃታለሁ። የኔን ኃጢአት ተሸክማ አምላኳ ፊት ልትቆም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ላሸክማት ነው የሄድኩት።

ረቡዕ ቀን አባ ጳውሎስ ብዕራቸውን አዘጋጅተው ጠበቁን። ማርታ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንቺ ውጪ ቆዪ ልላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መደበቅ ሰለቸኝ። ነገርኳቸው፤ ኩባያውን፣ ስኳሩን፣ ሦስት እርምጃውን። እጄ ውስጥ ስለነበረው የዝናብ ውሃ ስነግራቸው አባ መጻፍ አቆሙ። ከኋላዬ ማርታ ስትተነፍስ ሰማሁ፤ ዞሬ አላየኋትም።

"እርስዎስ ምን አዩ?" አሏት ዘሃራን።

"ከርከዴ ነበር አባ። የኔ ከርከዴ።"

"ምን ያህል የወፈረ ነበር? ማለቴ፣ ቀለሙ፣ ጣዕሙ?"

ዘሃራ በቶቧ አፏን ሸፈነች፤ ልትስቅ ነው። "አባ፣ የኔን ከርከዴ ሹፌር ሁሉ 'ውሃ ነው' ብሎ ይሰድብ ነበር። ያን ቀን አበባው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ክረምት፣ መኪና የለም፣ ለማን ብዬ አዲስ አበባ ላፈላ? እዝነት ይዞኝ ስኳር ብቻ ጨመርኩ።"

አባም ሳቁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀጠን ያለ ነገር ከሆነ ውሃነቱን ላያጣ ይችላል አሉ፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም። በጥርጥር ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው አለ፤ "ተጠምቀሽ ካልሆነ አጠምቅሻለሁ" ተብሎ ውሃው ይፈስሳል። ቀድሞ ሆኖ ከነበረ የቀድሞው ይጸናል፣ ካልነበረ አሁን ይሆናል። ለቴሬዛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብለው ቀጠሩልን።

"ሉቺያስ?" አልኩ።

ወጣት ናቸው አልኩ አይደል? ብዕሩን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። "እማማ፣ እግዚአብሔር እኛን ለምስጢራቱ አስሮናል፤ እሱ ራሱ ግን አልታሰረም። ልጅቷን ለሱ እንተዋት።" ቃሉ መልካም ነው። ይዤው ወጣሁ። ግን ሰው ስለ ምሕረት የሚነግረው ሲያጣ እንደሚንቀጠቀጥ ሁሉ፣ ሲነገረውም ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜ ቴሬዛ ፀጉሯን ፈትታ መጠመቂያው ላይ ጎንበስ አለች። አልተቆጣችኝም፤ "ሁለቴ የተጠመቅኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም እማማ፣ ሠርጌ ላይ አወራዋለሁ" እያለች ነበር የመጣችው። ውሃው ሦስቴ ወረደባት። ጥርት ያለ ነበር፤ ልብሷ ላይ ጠብ ሲል ቀለም አልተወም። እኔ ግን የማየው ከሷ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።

ማርታ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ኪኒኔን በሰዓቱ ትሰጠኛለች፣ ቃል ግን የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። መቁጠሪያዬን ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጸሎቱ ከአንዱ ፍሬ አልፎ አይሄድልኝም። ሻማዋን እፍ ብዬባታለሁ፤ ከንግዲህ የሙታን ቀን ሲመጣ ምን ታበራለች እላለሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ያልታሰበ ካፊያ ጣለ። ማርታ ልብስ ከገመዱ ላይ ለማንሣት ወጣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ መቆንጠጫውን እያላቀቀች ጠራችኝ።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"ከርከዴው ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?"

ምን ማለቷ እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። "ለብ ያለ ነበር" አልኩ። "ዘሃራ በቶቧ ጠቅልላ ነው ያመጣችው።"

"ዝናቡስ?"

እጄን አየሁት። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ መዳፌ ያውቀዋል። "ዝናቡ አጥንት ይሰብር ነበር ልጄ።"

ማርታ አንድ ቀሚስ አወረደች፣ አንድ አንሶላ። አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ካፊያው ፀጉሯን አርሶታል።

"እንግዲያው አልበረዳትም" አለች። ልብሱን ታቅፋ ባጠገቤ ስታልፍ በነፃው እጇ ትከሻዬን ጫን አደረገችኝና ገባች።

ይህ ለአባ ጥያቄ መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሉቺያ ያለችበትን ዛሬም አላውቅም፤ ፍርሃቴም ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደልኝም፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠልኝ እንጂ። ግን መቁጠሪያዬ ከዚያ ፍሬ ላይ ተንቀሳቀሰ። አምስቱን ምስጢር ጨረስኩና ቴሬዛን ከጓዳ ጠራኋት።

"ከርከዴ ጣጂልኝ" አልኳት።

"አንቺ? ከርከዴ?"

"እኔ። ቀጠን ይበል፣ እንደ ዘሃራ። ሳይበርድም አምጪልኝ።"